ከነጋሪት እስከ ቴሌግራም፦ የኢትዮጵያ ጋዜጦች የዜና ምንጭ አመራረጥ ከጋይንት ሲታይ

በኢትዮጵያ የጋዜጣ ታሪክ ላይ የተጻፉ ሥራዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በአሳታሚዎች፣ በማተሚያ ቤቶችና በቅድመ ምርመራ ላይ ሲሆን፣ ጋዜጠኛው ዜናውን ከማን እንደ ሰማና ከሰማቸው ሰዎች መካከል የማንን ቃል ለሕትመት እንዳበቃ የሚለው ጥያቄ ግን በመጠኑ ብቻ ይነሣል። የዜና ምንጭ የሚባለው ለጋዜጠኛው መረጃ የሚያቀብለው ሰው፣ ሰነድ ወይም ተቋም ነው። ጋዜጠኛ በሁሉም ቦታ ሊገኝ ስለማይችል አንባቢው ያልደረሰበትን አገር የሚያውቀው በእነዚህ ምንጮች አንደበት ነው፤ የምርጫው ክብደትም ይበልጥ የሚታወቀው ዘጋቢ በማይኖርበት ገጠር ነው። ስለዚህ ይህ ትረካ የአገሪቱን የጋዜጣ ታሪክ በቅደም ተከተል ሲከታተል፣ በተቻለ መጠን ዓይኑን የሚጥለው በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል በሚገኙት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ላይ ነው።

ጋዜጣ ከመምጣቱ በፊት ወሬ ወደዚህ አገር የሚደርሰው በገበያ ቀን ነጋሪት እየተጎሰመ በሚነገር አዋጅ፣ በነጋዴ፣ በደብዳቤ መልእክተኛ፣ በአዝማሪ ግጥምና ከደብር ወደ ደብር በሚዘዋወር የቆሎ ተማሪ ነበር። አዋጁ የሚታመነው የገዢው ነጋሪት ስለተጎሰመለት ሲሆን፣ ደብዳቤውም የሚታመነው የላኪው ማኅተም ስላረፈበት ነው፤ በሁለቱም ዘንድ የቃሉ ክብደት የሚለካው በተናጋሪው ሥልጣን ነበር። የነጋዴውና የአዝማሪው ወሬ ግን ማኅተም ስለሌለው ሰሚው ከሌላ መንገደኛ ወሬ ጋር እያስተያየ ይመዝነው ነበር።

በዚሁ አገር ከሁለቱም የተለየና እጅግ ጥብቅ የሆነ ሌላ የማረጋገጫ ሥርዓት አለ። በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። ድጓ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ ኖረ የሚነገርለት የቅዱስ ያሬድ የዜማ ድርሰት ሲሆን፣ ምስክር ቤት የሚባለው ደግሞ ተማሪው በሌላ ጉባኤ ቤት የተማረውን ይዞ መጥቶ በመምህሩ ፊት የሚያዜምበት፣ የሚታረምበትና በመጨረሻም «አስመሰከረ» የሚባልበት ቦታ ነው። ዜማው በምልክት ተጽፎ በብራና ላይ ቢገኝም ብራናው ብቻውን አይበቃም፤ ቃሉ ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ መተላለፉ፣ ተማሪውም ከማን እንደ ተማረ መታወቁ የግድ ነው። በእንዲህ ያለ ሥርዓት ከአንድ መምህር እግር ሥር የተነሡ ሦስት ደቀ መዛሙርት አንድ ዓይነት ዜማ ቢያሰሙ፣ ቃላቸው የሚመለሰው ወደ አንድ መምህር ስለሆነ ሦስት የተለያዩ ምስክሮች አይደሉም። ይህ ነጥብ ከጋዜጠኝነት የራቀ ቢመስልም፣ ከብዙ ዘመን በኋላ የአዲስ አበባና የባሕር ዳር አዘጋጆች በየቀኑ የሚታገሉት ፈተና ይኸው ራሱ ነውና በአእምሮ መያዝ ይገባዋል።

በአማርኛ የጋዜጣ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1902 አንድርያስ ካቫዲያስ የተባለ ግሪካዊ በአዲስ አበባ «አእምሮ» የተባለውን ጋዜጣ ማውጣት በጀመረ ጊዜ ነው። ስሙን ያወጡለት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ እንደ ሆኑ ይነገራል፤ በመጀመሪያው ጊዜ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ይወጣ ስለነበር፣ አንባቢውና የወሬው ባለቤት ከሞላ ጎደል አንድ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ታኅሣሥ 23 ቀን 1917 ዓ.ም. የወጣው «ብርሃንና ሰላም» ግን ነገሩን ትንሽ አሰፋው። በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ድጋፍ የተቋቋመው ይህ ሳምንታዊ ጋዜጣ የቤተ መንግሥትን ወሬና የውጭ አገር ዜናን ከማተም አልፎ፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ባርነትና ስለ አስተዳደር የሚከራከሩ ወጣት ምሁራን ጽሑፍ የሚወጣበት መድረክ ሆነ። ምንጩ ሲሰፋ ግን የሰፋው ለተማረውና በከተማ ለሚኖረው ነበር። የጠቅላይ ግዛቱ ገበሬ በጋዜጣው ላይ የሚነሣው ሌላ ሰው ስለ እርሱ ሲጽፍ እንጂ ራሱ ሲናገር አይደለም።

ወረቀት ከሰማይ ጋይንትን ወደሚያጠቃልለው ምሥራቃዊ ቤጌምድር የወረደበት ጊዜም በዚሁ ዘመን ነው። የቤጌምድር ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ በንጉሥ ተፈሪ መንግሥት ላይ በሸፈቱ ጊዜ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ከተደረገው ጦርነት ጥቂት ቀናት አስቀድሞ አውሮፕላን በሠራዊታቸው ላይ የታተመ ወረቀት በተነ። ወረቀቱ ራስ ጉግሣን የሚከተል ሁሉ በቤተ ክርስቲያን የተወገዘ መሆኑን የሚያስታውቅ ነበር። መንግሥት በዚያ አጋጣሚ የራሱን ቃል ብቻ አልበተነም፤ የአገሬው ሰው ከዙፋኑም ይልቅ የሚያምነው የጳጳሳት ቃል መሆኑን ስላወቀ ያንን ቃል አስቀደመ። አውሮፕላኑ አዲስ ነገር ነበር፤ የቃሉ ባለቤት ግን ሕዝቡ ከዱሮ ጀምሮ የሚያውቀው ነበር። የመገናኛ መሣሪያ በተለወጠ ቁጥር የቀድሞውን የታመነ ስም ተጭኖ መምጣቱ ከዚያ ወዲህም ደጋግሞ የታየ ነገር ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. «አዲስ ዘመን» መታተም ጀመረ፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ የኢትዮጵያ ዜና አገልግሎት የሚባለው የዜና ወኪል ተመሠረተ። የዜና ወኪል ማለት ወሬ ሰብስቦ ለጋዜጦችና ለራዲዮ የሚያከፋፍል ተቋም ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ግን ከማከፋፈል ባሻገር የትኛው ወሬ ዜና እንደ ሆነ የሚወስን በር ሆኖ አገለገለ። ከጠቅላይ ግዛት የሚመጣው ዜና አብዛኛው የሹመት፣ የምረቃ፣ የጉብኝትና የስብሰባ ወሬ ነበር፤ ምንጩም አገረ ገዥው፣ የአውራጃው ገዥ ወይም የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ነበር። የጋዜጣ ሰዎች እስከ ዛሬ «የስብሰባ ዜና» የሚሉት፣ ባለሥልጣኑ ከመድረክ የተናገረው «ገለጹ»፣ «አስገነዘቡ»፣ «አሳሰቡ» በሚሉ ግሦች እየተሰናሰለ የሚቀርብበት አጻጻፍ ሥር የሰደደው በዚህ ዘመን ነው። የመንግሥት ምንጭ ገናና መሆኑ የኢትዮጵያ ብቻ ችግር አልነበረም፤ ሊዮን ሲጋል የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት በታላላቆቹ የኒውዮርክና የዋሽንግተን ጋዜጦች ላይ እንኳ የአብዛኛው ዜና ምንጭ የመንግሥት ባለሥልጣን መሆኑን አሳይቷል። ልዩነቱ የአሜሪካው ዘጋቢ ሌላ ምንጭ መፈለግ እየቻለ በልማድና በጊዜ እጥረት ወደ ባለሥልጣኑ ሲያዘነብል፣ የኢትዮጵያው ግን ሌላ ምንጭ ቢያገኝም ጽሑፉ ከቅድመ ምርመራ የማያልፍለት መሆኑ ነው።

የዚህ ሥርዓት ዋጋ በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረኀብ ጊዜ በሰው ሕይወት ተከፈለ። ረኀቡን የሚያውቁት ገበሬው፣ የወረዳው ሠራተኛና በመንገድ የሚያልፈው ሾፌር ነበሩ፤ ከእነርሱ አንዱም በጋዜጣ ደንብ ምንጭ አልነበረም። የአውራጃው ባለሥልጣን ደግሞ ረኀብ አለ ብሎ መናገር ራስን በራስ መክሰስ ይሆንበት ነበር። በዚያ ዓመት በሚያዝያ ወር የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ተጉዘው ፎቶግራፍ አንሥተው በመመለስ በግቢያቸው ለእይታ አቀረቡ፤ የአገር ውስጥ ጋዜጣ ያልሠራውን ሥራ መምህራን ሠሩት። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም አወቀ። ያው ፊልም ከ11 ወር በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣና ድሎት ምስል ጋር ተቀጣጥሎ ለአዲስ አበባ ሕዝብ ታየ፤ በማግስቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ይህ ድርጊት በሁለት መልኩ ትልቅ ትምህርት አለው። ፊልሙ የያዘው ረኀብ እውነት ነበር፤ በምሽቱ ግን ከሌላ ምስል ጋር ተሰፍቶ ሌላ ዓላማ ተሸከመ። አንድ ምስል እውነተኛ መሆኑና ለእውነት መዋሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ የታየው ያን ምሽት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ንጉሠ ነገሥቱን ባወረደው ወታደራዊ መንግሥት፣ በደርግ ዘመን፣ ምንጩ ይበልጥ ጠበበ። የአዲስ ዘመን ዋና አዘጋጅ የነበረውና በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊነት ላይ የደረሰው በዓሉ ግርማ፣ ከውስጥ ሆኖ ያየውን፣ በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» በተባለው ልቦለዱ አቀረበ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፣ እርሱም በየካቲት 1976 ዓ.ም. የገባበት ሳይታወቅ ቀረ። በጋዜጣ ሊጻፍ ያልቻለ ነገር በልቦለድ መውጣቱ፣ ያንንም የጻፈው ሰው መጥፋቱ፣ በዚያ ዘመን ብዙ የሚያውቅ ጋዜጠኛ ያወቀውን የሚያወጣበት መንገድ ምን ያህል እንደ ተዘጋበት ይመሰክራል።

ደርግ ከወደቀ በኋላ በጥቅምት 1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 ቅድመ ምርመራን ሲያስቀር በመቶ የሚቆጠሩ ጋዜጦችና መጽሔቶች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ታተሙ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽና መረጃ የማግኘት ነጻነትን ደነገገ። ይሁን እንጂ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በር ለግል ጋዜጦች ብዙውን ጊዜ ዝግ ስለነበር፣ ጋዜጠኞቹ ወደ ጎን መንገድ ገቡ። «የውስጥ አዋቂ ምንጮች»፣ «ታማኝ ምንጮቻችን»፣ «ስማቸው እንዳይጠቀስ የፈለጉ» የሚሉ ሐረጎች የፊት ገጽ ቋሚ ጓደኛ ሆኑ። ከእነዚህ ምንጮች አንዳንዶቹ በእውነት ሥራቸውን ወይም ሕይወታቸውን ለአደጋ አጋልጠው ሰነድ ያወጡ የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ባላንጣቸውን ለመጣል የሚፈልጉ ባለሥልጣናት ነበሩ፤ ከሻይ ቤት ወሬ ያልዘለለ ነገርም በዚሁ ሐረግ ተሸፍኖ አልፏል። አንባቢው ሦስቱን የሚለይበት መንገድ አልነበረውም፤ በስም አለመጠቀስ ለምንጩ ጥላ ሲሆን ለሰነፍ ጸሐፊም መሸሸጊያ ሆነ። የግል ጋዜጦች በአዲስ አበባ ሲበዙ ክልሎች ግን የየራሳቸውን የመንግሥት ጋዜጣ ያቋቁሙ ነበር። በአማራ ክልል «በኲር» በ1987 ዓ.ም. በባሕር ዳር መታተም ሲጀምር፣ የጋይንትና የስማዳ ወሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በመደበኛነት ገጽ አገኘ። የወሬው መነሻ ግን የወረዳው ግብርና፣ ጤና ወይም ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ስለነበር፣ ገበሬው ሲጠቀስ አብዛኛውን ጊዜ የተጠቀሰው የመሥሪያ ቤቱን ቃል የሚያጸና ተጠቃሚ ሆኖ ነው።

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተጠቀሙበት ጥቂት መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ቢሆኑም፣ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የከፈቷቸው የዜና ገጾች ወዲያው ምንጭ ሆኑ፤ ከአዲስ አበባ የወጣ ወሬ ዋሽንግተን ደርሶ ተጽፎ ተመልሶ በአዲስ አበባ ጋዜጣ ላይ «የውጭ ምንጮች እንደ ዘገቡት» ተብሎ መታተም ጀመረ። ያው አንድ ሰው የተናገረው ነገር ባሕር ተሻግሮ ሲመለስ ሁለተኛ ምስክር መስሎ የሚቆጠርበት ስሕተት የተወለደው እዚህ ላይ ነው። የግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ ውዝግብ ሲነሣ የሞባይል አጭር የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት ተቋርጦ ከሁለት ዓመት በላይ ተዘግቶ ቆየ፤ በ1998 ዓ.ም. የተቃዋሚ የዜና ገጾች ከአገር ውስጥ እንዳይታዩ ተደረጉ። መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ ጋዜጠኛውን ሳይሆን በጋዜጠኛውና በምንጩ መካከል ያለውን መስመር መቈጣጠር ጀመረ።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590 በወረቀት ላይ ጥሩ መንገድ ጠርጎ ነበር። አዋጁ ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጎ፣ ጥያቄውን የሚቀበል የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ በየመሥሪያ ቤቱ እንዲኖር፣ አፈጻጸሙንም የእንባ ጠባቂ ተቋም እንዲከታተል አድርጓል። በተግባር ግን የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ከበር ከፋችነት ይልቅ ብቸኛ ተናጋሪ ሆነ። አንድ የጤና ጣቢያ ነርስ ስለ መድኃኒት እጥረት ብትጠየቅ «ኮሙዩኒኬሽን አነጋግሩ» ትላለች፤ የወረዳው ኮሙዩኒኬሽን ጽሕፈት ቤት «ከዞን ፈቃድ» ይላል፤ ዞኑ «የትብብር ደብዳቤ» ይጠይቃል። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ጋዜጣው ይታተማል፤ ጋዜጠኛውም ማንንም ሳይጠይቅ ሊያገኘው ወደሚችለው ወደ ስልኩ ይመለሳል። ማኅበራዊ ሚዲያ የጋዜጦች ምንጭ የሆነው ፈጣን ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሕጋዊው በር ዘገምተኛ ስለሆነም ነው።

ይሁን እንጂ በመስመር ላይ የሚገኝ ምንጭ ማን እንደ ሆነ አለመታወቁ በዓለም ሁሉ ጥፋት አድርሷል። በሰኔ 2003 ዓ.ም. የሶርያ ዓመፅ በተጋጋለበት ወቅት፣ ከደማስቆ ስለ ሕይወቷ ትጽፍ የነበረችና ታላላቅ ጋዜጦች በኢሜይል ቃለ መጠይቅ ያደረጉላት ወጣት ሴት በስኮትላንድ የሚኖር አሜሪካዊ ወንድ ተማሪ ሆና ተገኘች። አንድም ዘጋቢ ፊት ለፊት አላያትም ነበር። በኢትዮጵያውያን ላይ የደረሰው ደግሞ ከማሳሳት አልፎ ወጥመድ ነበር። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ቡድን በየካቲት 2006 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፣ በዚያን ጊዜ በውጭ አገር ይገኝ በነበረው በኢሳት ቴሌቪዥን ለሚሠሩ ሰዎች በታኅሣሥ ወር በስካይፕ ጽሑፍ መስሎ የተላከላቸው ፋይል የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም ኩባንያ የስለላ ሶፍትዌር ተሸክሞ ነበር። ጋዜጠኛ ከማያውቀው ሰው ሰነድ መቀበሉ የሙያው መሠረት ነው፤ ጥቃቱ የመጣውም በዚያው በር ነው። የፋይሉ ዓላማ ከተሳካ የሚጋለጠው ጋዜጠኛው ብቻ ሳይሆን በኮምፒውተሩ ውስጥ ስማቸው የተከማቸ ምንጮቹ ሁሉ ናቸው።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር «ዞን 9» የተባለው የኢንተርኔት ጦማር ጸሐፊዎችና ሦስት ጋዜጠኞች፣ በድምሩ ዘጠኝ ሰዎች፣ በአዲስ አበባ ተያዙ። በፀረ ሽብር ሕግ ሲከሰሱ በክሱ ውስጥ ከተዘረዘሩት ነገሮች አንዱ መልእክትን በምስጢር የመጠበቂያ ዘዴ ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። ምንጩን ለመጠበቅ የሚማር ጋዜጠኛ እንደ ሤረኛ ከተቆጠረ፣ ምንጩ በየትኛው ሰው ላይ እንደሚተማመን መገመት አያዳግትም። ከአምስቱ ላይ ክሱ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ሲነሣ፣ የቀሩት አራቱ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክስ ነጻ ተባሉ።

በሰኔ 2010 ዓ.ም. ተዘግተው የነበሩ ከ200 በላይ የኢንተርኔት ገጾች ሲከፈቱ፣ የምንጭ ረኀብ በአንድ ጊዜ ወደ ምንጭ ጎርፍ ተለወጠ። ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና በተለይም ቴሌግራም የዜና አደባባይ ሆኑ፤ ቲክቫህ ኢትዮጵያን የመሰሉ የቴሌግራም ቻናሎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተከታይ ሲያፈሩ፣ የወረቀት ጋዜጦች ደግሞ በወረቀትና በሕትመት ዋጋ መናር ምክንያት እየሳሱ ዘጋቢ ወደ ገጠር የሚልኩበት አቅም አጡ። ባለሥልጣናትም ይህንን አይተው ጋዜጣዊ መግለጫን ትተው በራሳቸው ገጽ መጻፍ ጀመሩ። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ ላይ የወታደራዊ እርምጃ ትእዛዝ መሰጠቱን አገሪቱ ያወቀችው ከጠቅላይ ሚኒስትሩ የፌስቡክ ገጽ ነው። በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ዘጋቢ ቢያንስ እጁን አውጥቶ «ለምን?» ማለት ይችላል፤ በፌስቡክ ገጽ ላይ ግን የሚችለው መቅዳት ብቻ ነው። ጋዜጣው ያለ ጥያቄ ቃል በቃል ያተመውን መግለጫ ከአዋጅ ነጋሪው ንግግር የሚለየው ነገር ምን እንደ ሆነ ብዙ አዘጋጆች ራሳቸውን መጠየቅ የነበረባቸው በዚህ ጊዜ ነው።

የማጣራት ሥራ እንደ ራሱ የቻለ ሙያ መታየት የጀመረውም በእነዚህ ዓመታት ነው። ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክ የተባሉ የመረጃ አጣሪዎች ሥራ ሲጀምሩ፣ በየጋዜጣው ያሉ አዘጋጆችም አንድ ምስል ቀድሞ የት ታትሞ እንደ ነበር በኢንተርኔት የሚፈለግበትን መንገድ መልመድ ጀመሩ። መሣሪያው ግን የሚረዳው ምስሉ ቀድሞ ከታተመ ነው፤ አዲስ ከሆነ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። በነሐሴ ወር በጋይንት ተነሣ የተባለ ፎቶግራፍ ላይ ደረቅ ቢጫ ማሳና አቧራ ከታየ ነገሩ አጠራጣሪ ነው፤ በዚያ ወር ደጋው በጉም የተሸፈነ፣ መንገዱ ጭቃ፣ ገብሱ አረንጓዴ ነው። ከጋይንቷ አርብ ገበያ ነው የምደውለው የሚል ሰው ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ወደ ጤና ጣቢያው ሲሄዱ መንገዱ ዳገት ይሁን ቁልቁለት ቢጠየቅ፣ በእውነት እዚያ ካለ ያውቃል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ መጠየቅ የሚችለው ያን አገር በእግሩ የረገጠ ጋዜጠኛ ነው፤ የዘጋቢ ጉዞ የቀረበት ጋዜጣ ያጣው የጉዞ ዜናውን ብቻ ሳይሆን ይህን የመመርመር ችሎታም ነው።

የጋይንት ሰዎች ራሳቸው የዓለም ዜና የሆኑት በ2013 ዓ.ም. ክረምት ነው። ጦርነቱ ወደ አማራ ክልል ሲስፋፋ የሕወሓት ኃይሎች የላይ ጋይንት ዋና ከተማ የሆነችውን ንፋስ መውጫን ይዘው ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቆዩ። በእነዚያ ቀናት በከተማዋ የሆነውን የሚናገሩ ወሬዎች ከሁለቱም ወገን በማኅበራዊ ሚዲያ ይጎርፉ ነበር፤ አንዱ ወገን ሁሉን ያጋንናል፣ ሌላው ሁሉን ይክዳል። ሦስት ወር ገደማ ካለፈ በኋላ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ያወጣው ሪፖርት የቆመበት መሠረት ግን የተለየ ነበር። ድርጅቱ ከከተማዋ 16 ሴቶችን ከርቀት በቪዲዮ ጥሪ አነጋግሮ፣ ታጣቂዎቹ የፈጸሙባቸውን አስገድዶ መድፈር፣ ድብደባና ዘረፋ በራሳቸው ቃል አቀረበ፤ አብዛኞቹም በቡድን እንደ ተደፈሩ ተናገሩ። የሴቶቹ ስም ተደበቀ፤ ቃላቸው ግን አልተደበቀም፤ የአንዷ ቃል ከሌላዋ ጋር እየተነጻጸረ፣ ከአካባቢው መሥሪያ ቤት መረጃ ጋርም እየተመሳከረ ቀረበ። በዚህ ሥራ ውስጥ የዲጂታል ዘመን የሰጠው ትልቁ ዕድል ይታያል፤ በቀድሞው ሥርዓት እነዚህ ሴቶች በወረዳ ሪፖርት ውስጥ ቁጥር ሆነው ይቀሩ ነበር። የሚያስቆጨው ግን ያንን የረዥም ጊዜ የማዳመጥ ሥራ አስቀድሞ የሠራው የአገር ውስጥ ጋዜጣ ሳይሆን ለንደን ላይ የተቀመጠ ድርጅት መሆኑ ነው። የአገራችን መገናኛ ብዙኃን አብዛኞቹ ስለ ንፋስ መውጫ የጻፉት ከባለሥልጣናት መግለጫና ከፌስቡክ በተቀዳ ወሬ ነበር፤ ከተጎጂዋ አጠገብ ተቀምጦ፣ እንድትናገርም እንድትተውም ነጻነት ሰጥቶ፣ ስሟንም ጠብቆ ቃሏን የመመዝገብ ልምድ ገና አልዳበረም ነበር።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት በታወጀው አገር አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር የወጣ ትእዛዝ የጦር እንቅስቃሴንና የግንባር ውጤትን ከተፈቀደለት የመንግሥት አካል በስተቀር ማንም እንዳያሰራጭ ሲከለክል፣ የምንጭ ምርጫ ከጋዜጠኛው እጅ በሕግ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የክልሉ ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። ቀደም ሲል በሰኔ 2011 ዓ.ም. በባሕር ዳር የክልሉ ባለሥልጣናት በተገደሉ ጊዜና በ2012 ዓ.ም. ክረምት ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት የታየው መዝጋት በቀናትና በሳምንታት የሚቆጠር ሲሆን፣ ይህኛው ግን አንድ ሙሉ ክልልን ለብዙ ወራት ከመስመር አወጣ። ኢንተርኔት ሲጠፋ በጋይንትና በስማዳ የሚቀረው፣ እርሱም ሲገኝ፣ ተራ የስልክ ጥሪ ነበር። በስልክ የሚናገር ሰው ጥሪው ሊጠለፍ እንደሚችል ስለሚሰጋ ቃሉን ይመጥናል፤ ጋዜጠኛውም ፊቱን ሳያይ፣ ፎቶግራፍ ሳይቀበል፣ በድምፁ ብቻ ይመዝነዋል። በእነዚያ ወራት ከክልሉ የወጡ ዘገባዎች ላይ «ለደኅንነታቸው ሲባል ስማቸው እንዳይገለጽ የጠየቁ ነዋሪ» የሚለው ሐረግ የማይቀር የሆነው በጋዜጠኞች ስንፍና አይደለም፤ በስሙ የሚናገር ሰው ማግኘት ስላልተቻለ ነው። በስም የሚናገሩት የቀሩት ሁለት ወገኖች ብቻ ነበሩ፤ የመንግሥት ኃላፊዎችና በክልሉ መንግሥትን የሚወጉት ታጣቂዎች ቃል አቀባዮች። ውጭ አገር የሚኖረው ደግሞ ከወንድሙ ወይም ከአክስቱ በስልክ የሰማውን በቴሌግራም ሲጽፍ፣ ሦስት ቻናሎች ያንኑ ጽሑፍ ቀድተው ሲያወጡት፣ አዘጋጁ ፊት የተደረደሩት ሦስት ዘገባዎች ወደ አንዲት አክስት ይመለሳሉ። የቤተ ልሔም መምህር ተማሪውን «ከማን ተማርህ?» ብሎ እስከ መጀመሪያው መምህር የሚከታተልበትን ጥያቄ እዚህ ላይ ያልጠየቀ አዘጋጅ፣ አንድ ወሬ ሦስት ጊዜ ሰምቶ ሦስት ምስክር አገኘሁ ብሎ ያትማል።

መስመሩ በከተሞች ቀስ በቀስ ሲመለስ፣ በተዘጋው ጊዜ በስልክ የተቀረጹ ድምፆች፣ ፎቶግራፎችና ቪዲዮዎች እየቆዩ በአደባባይ መታየት ጀመሩ። ከእነዚህ ብዙዎቹ መቼ፣ የት፣ በማን እንደ ተቀረጹ የሚገልጽ ነገር የላቸውም፤ የቀረጸው ሰው ተፈናቅሎ ወይም ስልኩን ለውጦ ሊሆን ይችላል። ይህን የማጣራት ሥራ ሊሠሩ የሚችሉት አካባቢውን የሚያውቁ ጋዜጠኞች ሲሆኑ፣ እነርሱም ወደ ስማዳዋ ወገዳ፣ ወደ ጋይንቷ አርብ ገበያና ወደ እስቴዋ መካነ ኢየሱስ ሄደው፣ ከወረዳ ጽሕፈት ቤቱ በፊት ከገበሬው፣ ከጤና ጣቢያዋ ነርስና ከደብሩ አስተዳዳሪ ጋር መቀመጥ፣ እያንዳንዱም ወሬውን ከማን እንደ ሰማ መዝግበው መያዝ ይኖርባቸዋል።